የጭራሮ ባዶ ሴሎች

ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሴል አስኬድኩት። በየትኛው ከርነል ልሥራ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ ሄደ። ከሴሉ ጎን ባለው ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ብቅ አለ። አዲስ ሥራ ሲጀመር እዚያ ቦታ የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው። የኔ ግን ሺህ ቤት የገባ ቁጥር ነበር፤ ሌላ ሰው ካቆመበት ቀጥዬ እየቆጠርኩ ነበር ማለት ነው። ቀና ብዬ የገጹን ቀኝ ጥግ አየሁ። «ጭራሮ» ይላል።

ጭራሮ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሞተ ወራት አልፈዋል።

ማስረዳት አልወድም፤ ባጭሩ ላስረዳ። ኖትቡክ የምንለው ፋይል ገጽ ብቻ ነው። ሴል በሚባሉ ሳጥኖች ውስጥ ትእዛዝ ትጽፋለህ፤ ስሌቱን የሚሠራው ግን ከጀርባ፣ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ ከርነል የሚባል ሞተር ነው። ከርነል እስኪጠፋ ድረስ የተነገረውን ሁሉ ያስታውሳል። ገጹ ላይ ያለውን መስመር ብትሰርዘው እንኳ እሱ አይረሳም። ወንድሜ ሆስፒታል ሲገባ ላፕቶፑን ይዞ ገባ፤ አልጋው ላይ ሆኖ ሠራ። ሲሞት ከርነሉን ላጥፋ ያለ ሰው አልነበረም። ስሙንም ያወጣለት ራሱ ነው፤ ጭራሮ ቤት ውስጥ የምንጠራበት ቅጽል ስሙ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ነበር።

አለመጠየቁም የኔው ጣጣ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፋይል በከፈትኩ ቁጥር «ከርነል ምረጪ» ሲለኝ እነጫነጭ ነበር። ወንድሜ «አንቺ ችኩል፣ ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ጥርስ ከመነቀል ባሰብሽ» አለና ለቢሮው ሁሉ አስተካከለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል መጨረሻ ላይ ከሠራበት ከርነል ጋር፣ ያ ከርነል በሕይወት ካለ፣ በራሱ ይገናኛል። «በሕይወት ካለ» የሙያው አነጋገር ነው፤ እኔ አልፈጠርኩትም።

የቢሯችን ሥራ ወንዙ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድሞ መናገር ነው። በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ለከተማው ኮሚቴ ሪፖርት እንሰጣለን። ውሃው ከመከላከያው ግንብ በታች ይቆማል ካልን፣ ከግንቡ ሥር ያለው ሰፈር ባለበት ይከርማል። ያልፋል ካልን ሰዉ ዝናቡ እስኪወጣ ይነሳል። የዘንድሮውን ሪፖርት ወንድሜ ጀምሮት ስለነበር ለኔ ተሰጠኝ፤ ዓርብ መግባት ነበረበት። ከግንቡ ሥር፣ ውሃ ከመጣ መጀመሪያ በሚያገኘው ረድፍ ላይ፣ እናታችን ትኖራለች።

ሰኞ ጠዋት በጭራሮ ከርነል ፋይሉን እስከ መጨረሻው አስኬድኩት። ውሃው ግንቡን አለፈ። የቢሮው ደንብ ግን ሪፖርት የሚወጣው በአዲስ ከርነል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከዜሮ ተሠርቶ ነው ይላል። ደንቡን ያስወጣው ወንድሜ ነው፤ ከርነል የሆነ ያልሆነውን እያስታወሰ ሰው ያሳስታል ብሎ ስብሰባ ላይ የተከራከረው እሱ ነበር። አዲስ ከርነል በእጄ መርጬ ከዜሮ አስኬድኩት። ያው ፋይል፣ ያው መረጃ። ውሃው ከግንቡ በታች ቆመ።

ወደ ጭራሮ መለስኩት፤ አለፈ። ወደ አዲሱ መለስኩት፤ ቆመ። ጀርባዬን በረደኝ ብል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ተናደድኩ። አዲሱን ከርነል አጠፋሁት፣ ፋይሉን ዘጋሁት፣ ውሃ ጠጥቼ ተመልሼ ከፈትኩት። ሴል አስኬድኩ። አልጠየቀኝም። ጥጉ ላይ እሱ ነበር፤ ፋይሉ ከሠራባቸው በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበረና። ቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር በአንድ ጨመረ። ያን ጊዜ ነው የበረደኝ።

ከርነል የተነገረውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይዞ ይቆያል፤ ከጠየቅከው ይዘረግፈዋል። ጠየቅኩት። የወንድሜ የመጨረሻ ሳምንታት ከላይ ወደ ታች ወረዱ፤ የተሳሳተው፣ ያረመው፣ መልሶ የተሳሳተው። በጤናው ጊዜ እንዲህ አይሳሳትም ነበር። ወደ መጨረሻው ገደማ ገጹ ላይ የሌለ አንድ መስመር አገኘሁ። «ማረሚያ» የሚል ስም፣ ከፊቱ ስልሳ አንድ ሳንቲ ሜትር። በቃ። ከየት እንደመጣ አይልም። ገጹ ላይ ያለው ስሌት ደግሞ ማረሚያ ካለ በወንዙ ከፍታ ላይ ደምር፣ ከሌለ ዝም ብለህ እለፍ ይላል። አዲሱ ከርነል ስለ ማረሚያ የሰማው ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ያልፋል። ጭራሮ ሰምቷል።

ኃላፊያችን ጋ ሄጄ ነገርኳት። ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ወንድሜንም ትወደው ነበር። መስመሩን ጻፈ፣ ከዚያ አጠፋው፤ ሰው የጻፈውን የሚያጠፋው ስህተት መሆኑን ሲያውቅ ነው፤ በዚያ ላይ የሚወስደው መድኃኒት ከባድ ነበር አለችኝ። ምክንያት የሌለው ቁጥር ለኮሚቴ አላቀርብም አለች። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

«እስከ ዓርብ ምክንያቱን ካገኘሽ አምጪው» አለች። «ካላገኘሽ ከዜሮ የወጣውን እፈርማለሁ። ይህን ያስተማረኝ ወንድምሽ ነው።»

ከሷ ቢሮ ወጥቼ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ወረድኩ። የሰርቨሩን ሰው ጄኔሬተር ነው የምንለው፤ መብራት ሲጠፋ ይነሳል፣ አንዴ ከተነሳ ድምፁ አይቆምም። ይህን ከርነል ለምን እስካሁን እንዳላጠፋው ጠየቅኩት። ወንበሩን አዙሮ ነገረኝ። በየጠዋቱ ዝርዝሩን ሲያይ የማይሠሩትን እያጠፋ ይሄዳል፤ ጭራሮ ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ከስሙ ፊት ለፊት «ሥራ ፈት፣ በሕይወት አለ» የሚል ምልክት ይታያል።

«አውቃለሁ፣ ሞተር ነው» አለኝ። «ግን እህቴ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ኮቱን ትቶ ሲወጣ ወንበሩን ትወስጃለሽ? አትወስጂም። ይመለሳል ትያለሽ። ለማንኛውም ዓርብ ከሰዓት አዲሱ ሰርቨር ይገባል፤ አሮጌው ይነቀላል። እስከዚያ የምትጠይቂውን ጠይቂው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቅኩት። ማረሚያ ስንት ነው ስለው ስልሳ አንድ ይለኛል። መልሱ ቅጽበታዊ ነው፤ ወንድሜ ራሱ እንዲህ ቶሎ መልሶልኝ አያውቅም። ለምን የሚለውን የሚጠየቅበት ትእዛዝ የለም። ቁጥሩን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። አንዳንዴ ሳልነካው ቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ጨምሮ የሚጠብቀኝ ይመስለኝና ወረቀት ላይ ጽፌው እወጣ ነበር። ጨምሮ አያውቅም። ግን እየጻፍኩ ነበር የምወጣው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጥቶ እኔ በግራ እጄ ዳቦ ይዤ እሠራ ነበር። የራሴ መሞከሪያ ፋይል ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ አስኬድኩት፣ ከዚያ ዓይኔን ወረቀቴ ላይ ተክዬ ከመስመሩ ሥር ማብራሪያ መጻፍ ቀጠልኩ። ቀና ስል የጻፍኩት ማብራሪያ የለም። መስመሩም የለም። በቦታው ባዶ ሴሎች ተኮልኩለዋል፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች።

ይህን ስህተት የኛ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሴል ካስኬድክ በኋላ ጠቋሚው ከሴሉ ይወጣል። ይህን ሳታይ መጻፍ ከቀጠልክ ፊደሎቹ ፊደል መሆናቸው ይቀርና ትእዛዝ ይሆናሉ። አንዱ ቁልፍ ከላይ ባዶ ሴል ይጨምራል፣ አንዱ ከታች ይጨምራል፣ አንዱ ደግሞ ሁለቴ ከተነካ ያለህበትን ሴል ጠራርጎ ያጠፋዋል። ተሳድቤ ልመልሰው ስል እጄ ቆመ። ይህን ቅርጽ አይቼዋለሁ።

የወንድሜን ፋይል ከፈትኩ። ማረሚያው መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ ሴሎች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ ሦስት አራቱ ከታች። ሰኞ ዕለት አይቻቸው ነበር። ቆሻሻ ነው፣ ኋላ አጸዳዋለሁ ብዬ ነው ያለፍኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ችኮላዬ ጠቀመኝ።

የሚጸጸት ሰው መስመሩን አጥፍቶ ይሄዳል፤ ባዶ ሴል አይዘራም። ወንድሜ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ምናልባት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምክንያቱን እየጻፈ ነበር። በከርነሉ መዝገብ ላይ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ የታችኛውን ስሌት የሚያስኬደው ነው፤ ውሃው ግንቡን ሲያልፍ አይቷል ማለት ነው። ጽፌዋለሁ ብሎ ነው የተኛው። የጻፈው ዓረፍተ ነገር የተረፈው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። አንድ በአንድ አስኬድኳቸው። ባዶ ሴል ምንም አይመልስም፤ ቅንፉም ቁጥር አያወጣም። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አስኬድኳቸው።

በመጨረሻው ሰሞን አጠገቡ የነበረችው እናታችን ናት። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ከግንቡ ሥር ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግንቡ ፀሐይዋን ቶሎ ስለሚከልላት እዚያ ሰፈር ከሌላው ቀድሞ ይመሻል። እማዬ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የወንድሜ ሸሚዝ ነው። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

ስለ ሥራው ያጫወታት ነገር እንዳለ ጠየቅኳት። ለኔ ስለ ሥራ ምን ያወራል፣ ስለ ምግብ ነበር የሚነዘንዘኝ አለች። እያዳመጥኳት ዓይኔ የመኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ አረፈ። ዱሮ የአባታችን ቁም ሳጥን የቆመበት ቦታ ነው፤ በስብሶ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ወንበሩ ተጣብቀዋል። ያ ጥግ ግን ባዶ ነው። ተጠርጓል።

«ይሄን ጥግ ለምንድን ነው ባዶ ያደረግሽው?»

«ለቁም ሳጥኑ ነዋ።»

«የቱ ቁም ሳጥን?»

«ወንድምሽ የሚያሠራልኝ። ለክቶ ሄደ እኮ።»

ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ሆስፒታሉን አታሎ በታክሲ መጣ፤ የሆስፒታሉ አምባር እጁ ላይ እንዳለ። አበድክ ወይ ብላ ጮኸችበት። እሱ ሜትር ከኪሱ አውጥቶ ጥጉ ውስጥ ተንበረከከ። ጫፉን ወለሉ ላይ አስያዛት፤ «እማ፣ አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳታነሺው» አላት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የነበረውን ግድግዳ በጣቱ እየዳሰሰ ብቻውን ያወራ ነበር። ከዚያ ግንባሯን ስሞ በዚያው ታክሲ ተመለሰ።

«ቁመቱን ብቻ ነው የለካው» አለች። «ወርዱን አልለካም። ሲመለስ ይለካዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

ወደ ጥጉ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ እስኪወጣ ድረስ እማዬ በየዓመቱ ቤቱን ቀለም ትቀባ ነበር፤ ከጀርባው ግን ብሩሽ ገብቶ አያውቅም። እዚያ፣ እወገቤ ላይ፣ ግድግዳውን አቋርጦ የሚሄድ ቡናማ መስመር አለ። ከሱ በታች ግድግዳው የከሰል ውሃ የጠጣ ይመስላል። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ ግንቡም ሳይሠራ፣ የመጣው ጎርፍ የደረሰበት ነው። ወንድሜ ያኔ ልጅ ነበር፤ የት ድረስ እንደመጣ ያውቃል።

ሜትር ይኖርሽ ይሆን ስላት ከመሳቢያ አወጣች፤ ረስቶት የሄደው ነው። ጫፉን ወለሉ ላይ ያዘችልኝ። መስመሩ ድረስ ለካሁ። የቤቱ ወለል ከፍታ በከተማው ካርታ ላይ አለ፤ ጎርፉ በመጣበት ቀን የወንዙ መለኪያ ያነበበው ቁጥር ደግሞ ፋይላችን ውስጥ አለ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። መለኪያው እንዳለው ቢሆን ኖሮ ውሃው በዚህ ቤት ከጉልበት በላይ ባልደረሰ ነበር። ልዩነቱ ስልሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ወጣ። የወንዙ መለኪያ ገና ከተተከለበት ጊዜ ጀምሮ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ እኛም በሱ ላይ ስንተነብይ ኖረናል።

እማዬ ፊቴን እያየች ነበር።

«ቁም ሳጥን አይደለም፣ አይደል?» አለች።

አይደለም አልኳት። ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ ዝናቡ ሳይገባ መውጣት እንዳለባትም። የወንድሜን ሸሚዝ አንስታ አጠፈች። ከግንቡ ማዶ የውሃው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወንዙ ገና ቀጭን ነው፣ ግን ይሰማል።

«ውጪ የሚለኝ እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እሱ ነው። ለመናገር አልደረሰም።»

«እሱ ከሆነ እሺ» አለች። «አንቺማ ሁሌም ትቸኩያለሽ።»

በማግስቱ ልኬቱን ለኃላፊያችን አቀረብኩ። የማን ቤት ነው አለች። የእናታችን አልኳት። መነጽሯን አወለቀች፤ አንድ ግድግዳ፣ ያውም የራሳችሁ፣ ማስረጃ አይሆንም አለች። መልሱን እያዘጋጀሁ ሳለ ኮቷን አነሳች። ከሰዓት በኋላ አብረን ወረድን። እማዬ ከሁለት ቤት በላይ ወዳለው ጫማ ሰፊ ወሰደችን። ግድግዳው በጣውላ ተሸፍኗል። ምንም ምልክት የለም አለ። እማዬ ከጣውላው ጀርባ አለ፣ ያኔ ቤቱን ከእናትህ ጋር ያጠብኩት እኔ ነኝ አለችው። እየተነጫነጨ ነቀለው። መስመሩ ነበር። ኃላፊያችን ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች፤ ሜትሩን ለኔ አልሰጠችኝም፣ ራሷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ስናሰላው ከኛው ጋር በጣት ውፍረት ብቻ ተለያየ።

ቢሮ ተመልሳ ምክንያቱን ከቁጥሩ ጋር ጻፊው አለችኝ። ጠቋሚው ሴሉ ውስጥ መሆኑን አይቼ ጻፍኩ። በአዲስ ከርነል ከዜሮ አስኬድነው፤ ውሃው ግንቡን አለፈ። ዓርብ ጠዋት ፈረመች። ኮሚቴው ሰፈሩ ይነሳ አለ።

ዓርብ ከሰዓት ጄኔሬተር ጠራኝ። ሰርቨሩ ላይ የቀረው ጭራሮ ብቻ ነበር። አንቺ ትጫኚዋለሽ ወይስ እኔ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። የምትፈልጊውን ሁሉ አውጥተሻል ብሎ ጠየቀኝ፤ አውጥቻለሁ። ቁልፉን ስጫን «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ሳጥን መጣ። ሲያገናኘኝ አልጠየቀኝም፤ ሲያጠፋ ይጠይቃል። እርግጠኛ ነኝ የሚለውን ነካሁ። ማራገቢያዎቹ ድምፃቸው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፤ ጄኔሬተርም ዝም አለ።

ሰኞ በአዲሱ ሰርቨር ፋይሉን ከፈትኩና የመጀመሪያውን ሴል አስኬድኩ። አልጠየቀኝም። ቀኝ ጥጉ ላይ «ጭራሮ» ይላል።

ጄኔሬተርን ጠራሁት። ስሞቹን ከነቅንብራቸው ወደ አዲሱ አዛውሯቸዋል፤ ፋይሉ ደግሞ የለመደውን ስም ፈልጎ ያገኘዋል። ደንግጠሽ ከሆነ ስሙን ላጥፋው፣ ወይም እንደ ዱሮው ምረጪ እንዲልሽ ላድርገው አለኝ። ተወው አልኩት። ቅንፉ ውስጥ አንድ ይላል። ማረሚያ ስንት ነው ብዬ አዲሱን ከርነል ጠየቅኩት፤ በዚህ ስም የማውቀው ነገር የለም አለኝ። ሌላም ጠየቅኩት። ምንም አያውቅም። በወንድሜ ስም የሚጠራ፣ ምንም የማያስታውስ ነገር ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል። ከላይ ጀምሬ፣ ምክንያቱ ከተጻፈበት ሴል ጋር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት።

እማዬ በዚያው ሳምንት እኔ ጋ ገባች። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃዋን ካስገባን በኋላ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ባዶ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። እጇን ወገቧ ልክ አድርጋ ዳሰሰችው። ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም። ውጪ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

ቦርሳዋን ከፍታ ሜትሩን አወጣች።

«ቁመቱን እሱ ለክቶታል» አለችኝ። «አንቺ ወርዱን ለኪልኝ። ደግሞ አትቸኩዪ።»

ጫፉን ያዘች። አጥብቃ ነበር የያዘችው።